ጉዱ ካሣና የዩንግ «ጥላ»

ልደታ አካባቢ ብቻውን እያወራ የሚሄድ ሰው ሲያልፍ፣ ከሻይ ቤቱ በረንዳ አንዱ «ጉዱ ካሣ መጣ!» ማለቱ አይቀርም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ስድሳ ዓመት ያህል ሆኖታል። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ከወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ወይም ከሰፈር ወሬ ካሣን ያውቀዋል። ይህ ገጸ ባሕርይ ከመጽሐፍ ወጥቶ ሰፈር የገባው ለምን ይሆን?

የስዊሱ የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ጉስታቭ ዩንግ (1875–1961 እ.ኤ.አ.) ለዚህ መልስ አለው። በእርሱ አስተሳሰብ የሰው ልጅ ሁሉ በሚጋራው ድብቅ አእምሮ ውስጥ አርኬታይፕ የሚባሉ ጥንታዊ አምሳሎች አሉ፤ በየሕዝቡ ተረትና ሕልም ልብስ እየለወጡ ይመላለሳሉ። በዚህ ሚዛን ካሣን «ጠቢቡ እብድ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን እንዲህ ካልን አለቃ ገብረ ሐናም ካሣም አንድ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ በቀልድ የሚወጋ፣ ሌላው እየተቆጣ የሚከራከር መሆኑ ይጠፋል።

ይልቅ የሚጠቅመን ዩንግ «ጥላ» ያለው ነው፤ ሰው በራሱ ውስጥ ማየት የማይፈልገው፣ በሌላው ላይ የሚያላክከው ነገር። ለዚህ አማርኛ የቆየ ቃል አለው፦ ጉድ። «ጉዴ ወጣ» የሚል ሰው የሸሸገው ተገልጦበታል። ፊታውራሪ መሸሻ በአጥንት ቆጠራ ሰብለ ወንጌልን ባል ሲከለክሏት፣ ገበሬው ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ፣ ነውር ነው ብሎ የተናገረው ካሣ ዳምጤ ነው። አገሩ ግን ነውሩን ከማየት ተናጋሪውን ጉድ ማለት ቀለለው። ቅጽል ስሙ የካሣ ይሁን እንጂ ጉዱ የአገሩ ነው።

የዩንግ መነጽር የሚደበዝዘውም እዚህ ላይ ነው። «ጥላ» ዘመን የለውም፤ ሐዲስ የጻፉት ሥርዓት ግን ዘመንም ባለቤትም አለው። በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ፊታውራሪን ሲማርኩ ነገሩ የሕልም ሳይሆን የግብር ነው። ካሣን የዘላለም ምልክት ብቻ ስናደርገው ክርክሩን መስማት እናቆማለን፤ «እብድ ነው» ያሉት የአገሩ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ዩንግ ካሣን ለምን ቶሎ እንደምንለየው ያስረዳን ይሆናል። ምን እንዳለ ለመስማት ግን መጽሐፉን እንደገና መግለጥ ያስፈልጋል።