መርፌውና ቀንዱ፤ አኩፓንክቸር ለመርካቶ ተሸካሚ ወገብ ምን ይፈይዳል?

በመርካቶ፣ እህል በረንዳ አካባቢ፣ ኩንታል በጀርባው ሲያመላልስ የሚውል ተሸካሚ ወገቡን ሲያመው የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ይገዛል፤ ሳይሻለው ሲቀር ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል፤ ያም ካልሆነ ዋግምት ይታገማል። የጤና ጣቢያ ካርድ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ዛሬ አኩፓንክቸርም እንደ አማራጭ ይነገረዋል።

ሙያው ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የቻይና የሕክምና ቡድኖች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እየተፈራረቁ በኢትዮጵያ ያገለገሉ ሲሆን፣ በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም በመርፌው ሕሙማንን ሲያክሙ ቆይተዋል። ነቀፋ የሚገባው መርፌው ሳይሆን ለሕዝብ የሚተዋወቅበት መንገድ ነው። አስተዋዋቂዎቹ ሳይቋረጥ ለሺህ ዓመታት የተፈተነ ነው፣ ለበሽታ ሁሉ ይሆናል፣ ጉዳት የለውም ይላሉ።

ስለ ዕድሜው የሚነገረው ግማሽ እውነት ነው። «የቢጫው ንጉሠ ነገሥት መጽሐፍ» በመባል የሚታወቀው የቻይናውያን ጥንታዊ የሕክምና ድርሳን ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ነገር ግን በ1822 የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ራሱ አኩፓንክቸር በቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም እንዳይሰጥ አግዷል፤ ሙያው መንግሥታዊ ድጋፍ አግኝቶ ያንሰራራው በ1950ዎቹ ነው። በምዕራቡ ዓለም ዝናውን ያገነነው የአሜሪካዊው ጋዜጠኛ የጄምስ ሬስተን ታሪክም ሲወራ ተጣሟል። ሬስተን በ1971 ቤጂንግ ላይ ትርፍ አንጀቱን ሲወጣ የደነዘዘው በተለመደው የማደንዘዣ መድኃኒት ነበር። መርፌው የተሰካለት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆዱን ሲጨንቀው ነው።

ሁለተኛው አባባል ይበልጥ ክብደት ያለው ነው። «ቺ» የተባለው ኃይል ይፈስባቸዋል የሚባሉት መስመሮች በሰውነት ውስጥ እስካሁን አልተገኙም። ይህ ማለት ግን መርፌው ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። በጀርመን ተካሂዶ በ2007 በታተመ ጥናት 1,162 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሦስት ተከፍለው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በትክክለኛው ነጥብ ላይ ከተወጉት 47.6 በመቶ፣ ሆን ተብሎ ከነጥቡ ውጭ ላይ ላዩን ከተወጉት 44.2 በመቶ፣ በመድኃኒት፣ በፊዚዮቴራፒና በአካል እንቅስቃሴ ከታከሙት ደግሞ 27.4 በመቶው ተሽሏቸዋል። ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ለሁለቱም ወገን የሚመች አይደለም። አኩፓንክቸርን ከንቱ ነው የሚለው ሐኪም የመጨረሻውን ቁጥር፣ ነጥቦቹ ምስጢር አላቸው የሚለው ባለሙያ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማስተባበል ይኖርበታል። ጥቅሙ ለሕመም ማስታገሻነት ነው፤ ለስኳር፣ ለሚጥልና ለደም ግፊት ጭምር እየተባለ ሲነገር ግን ማስረጃው አብሮ አይሄድም።

የዚያ ጥናት ታካሚዎች ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጅ ሕክምና አሥር ጊዜ፣ በአብዛኛው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ተከታትለዋል። በተሸከመው ልክ የሚከፈለው ሰው ግን ከመርካቶ እስከ አቃቂ አሥር ጊዜ ሲመላለስ የአሥር ቀን እንጀራው ይጎድላል፤ በአሥራ አንደኛውም ቀን ወደ መቶ ኪሎው ይመለሳል። ይህን የሚያነሳ የማስተዋወቂያ ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም።

ጉዳት የለውም የሚለውም በሁኔታ የታሰረ ነው። በ2001 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት ሠልጥነው በተመዘገቡ ባለሙያዎች ከተሰጡ 34,407 ሕክምናዎች ከባድ ጉዳት አላገኘም። ሆኖም ደረት ላይ በጥልቀት የገባ መርፌ ሳንባን ሊበሳ፣ በድጋሚ ጥቅም ላይ የዋለ መርፌም ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ እንደሚችል በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል። የመርካቶው ዋግምት በዚህ ረገድ ከመርፌው የባሰ ነው፤ ቆዳው ይበጣል፣ ቀንዱ ደም ይስባል፣ ምላጩ ግን የሚለወጠው ገበያተኛው ካስታወሰ ነው። ሒጃማ በሚል ስም የሚሰጠውም ቢሆን በምላጭና በደም ስለሚሠራ ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም።

ከሁሉም የሚያሰጋው የሚባክነው ጊዜ ነው። ማታ ማታ የሚያልበው፣ የከሳ፣ እግሩ እየዛለ የመጣ ተሸካሚ የወገብ ሕመሙ የጀርባ አጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል። መርፌም ሆነ ቀንድ ለጥቂት ሳምንታት ካስታገሠለት፣ እነዚያ ሳምንታት ከሽባነት የሚድንባቸው ነበሩ።

ሕመምተኛው ይህን ሁሉ ለሐኪም አይናገርም፤ ሐኪሙም አይጠይቅም። ሸሚዙ ሲወልቅ በጀርባው ላይ የሚታዩት ክብ የቀንድ ጠባሳዎች በካርዱ ላይ ሳይጻፉ ያልፋሉ። መቼ ታገምክ፣ በማን ምላጭ፣ መርፌስ ተወግተሃል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አንድ ደቂቃ አይፈጁም።