ላዩ ደህና፣ ውስጡን ለቄስ

ሜይንፍሬም ላይ የሚሠራ ሊኑክስን ባክአፕ ማድረግ ስጀምር ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። አይቢኤም ለሊኑክስ የጻፈውን ኮድ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ማብቂያ ነው፤ ሊኑክስን በእንግድነት የተቀበለው ቪኤም የተባለው ሲስተም ግን ከ1972 ጀምሮ የኖረ አንጋፋ ነው። ዲዲአር የተባለው መሣሪያው ዲስክን ትራክ በትራክ ይገለብጣል፤ በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

በዚህ ተማምኜ አንድ ሊኑክስ ሥራ ላይ እያለ፣ ሳላጠፋው ቀዳሁት። ሪፖርቱ አንድም ስህተት አላሳየም። ከወራት በኋላ ስመልሰው ግን ፋይል ሲስተሙ ተበላሽቶ አገኘሁት።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ሊኑክስ የተጻፈለትን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍርም፤ ለጊዜው ሚሞሪ ውስጥ ያቆየዋል። ዲዲአር የሚያየው ደግሞ ዲስኩን ብቻ ነው። በዚያ ላይ 3390 ሞዴል 9 የሚባለው ዲስክ (ቮልዩም) ለሊኑክስ ሲሰናዳ 7 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ስለሚይዝ፣ አንድ ፋይል ሲስተም በኤልቪኤም ተያይዞ ብዙ ቮልዩም ላይ ይዘረጋል። የመጀመሪያው በሁለት ሰዓት፣ የመጨረሻው በሦስት ሰዓት ከተቀዳ፣ ግማሽ ፊቱ በልጅነት፣ ግማሹ በሽምግልና የተነሳ ሰው ፎቶግራፍ ማለት ነው።

ታዲያ ከሊኑክሱ ውስጥ ሆኖ ፋይሎቹን ብቻ መቅዳት ይበቃል? አይበቃም። ዚፕል የተባለው ማስነሻ ከርነሉ ዲስኩ ላይ ያረፈበትን ቦታ መዝግቦ ይይዛል። ፋይሎቹ አዲስ ዲስክ ላይ ሲመለሱ ቦታው ይለወጣል፤ ዚፕልን ዳግም ካላስኬዱት ሲስተሙ አይነሳም።

ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም እይዛለሁ። በየሌሊቱ ከውስጥ ፋይሎቹን፣ ዳታቤዙን ደግሞ በራሱ መሣሪያ እቀዳለሁ። ከርነል በተቀየረ ቁጥር ሲስተሙን በሥርዓት አጥፍቼ የማስነሻ ዲስኩን ሙሉ ቅጂ እወስዳለሁ። ማጥፋት ካልተቻለ ፋይል ሲስተሙን ለአፍታ አግጄ፣ ፍላሽኮፒ የተባለው የዲስክ ቅጽበታዊ መቅጃ ቮልዩሞቹን ሁሉ እስኪይዝ እጠብቅና እለቀዋለሁ።

ከዋናው ሲስተም አጠገብ ሁልጊዜ የማትጠፋ ትንሽ ሊኑክስ አለችኝ። የወደቀውን ሲስተም ዲስኮች ከእሷ ጋር አገናኝቼ ፋይሎቹን እመልሳለሁ፤ ዚፕልንም አስኬዳለሁ። ይህን በየሦስት ወሩ እንለማመደዋለን፤ የሚሠራው ግን አዲሱ ባልደረባችን ነው፣ የጻፍኩትን መመሪያ ብቻ ይዞ። እኔ አጠገቡ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። እሱ ግራ ገብቶት የሚቆምበት ቦታ እኔ ሳልጽፈው የቀረ እርምጃ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ያለ እውቀት፣ ዲስክ ላይ ሳይሰፍር ሚሞሪ ውስጥ እንደቀረው ዳታ ነውና።