«ከፊል ግፊት» ወይስ «የድርሻ ግፊት»?

እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ዳልተን በ1801 (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዳው፣ እርስ በርሳቸው የማይዋሐዱ ጋዞች በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲደባለቁ፣ እያንዳንዱ ጋዝ ዕቃውን ብቻውን ቢሞላው የሚኖረውን ግፊት ያሳድራል፤ የሁሉም ድምር ጠቅላላው ግፊት ነው። የእያንዳንዱን ግፊት «ከፊል ግፊት» ማለት ግን ለዚህ ሐሳብ የሚመጥን ሆኖ አላገኘነውም።

«ከፊል በረሃ» ስንል በረሃነቱ ያልተሟላ ምድር ማለታችን ነው። ተማሪውም በዚሁ ልማድ «ከፊል ግፊት»ን ጎዶሎ ግፊት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ከሆነው ደረቅ አየር ውስጥ የናይትሮጅን 593.4፣ የኦክሲጅን 159.2፣ የአርጎን 7.1፣ የቀሩት ጋዞች 0.3 ያህል ነው። እያንዳንዱ በራሱ ሙሉ ግፊት ነው፤ ሲደመሩም 760 ይሆናሉ።

ስለዚህ «የድርሻ ግፊት» የሚለውን እንመርጣለን። የወራሾች ድርሻ ሲደመር ርስቱን እንደሚመልስ ሁሉ፣ ስያሜው ድምሩን ያስታውሳል፤ የጋዙ ድርሻ በጠቅላላው ግፊት እንደሚባዛም ይጠቁማል።

«ድርሻ» ግፊትን ሳይሆን የመቶኛ መጠንን ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእርግጥም የኦክሲጅን ድርሻ በቆላም በደጋም 21 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ግፊቱ ግን በደጋ ያንሳል። ይሁን እንጂ «ግፊት» የሚለው ስም ሳይነጠል አብሮ እስከ ተነገረ ድረስ አያሳስትም።

የስያሜ ስሕተት ከመዝገበ ቃላት ወደ መማሪያ መጽሐፍ፣ ከዚያም ወደ ፈተና ወረቀት ይሻገራልና፣ ሳይውል ሳያድር ቢታረም ይበጃል እንላለን።