ከመሪው ጎን የቆሙት፦ የካንቶኒዝ ተከታታይ ድራማ፣ ሽልማቱና «አኒታ» የተሰኘው ፊልም

የሆንግ ኮንጉ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቲቪቢ በ1996 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ወደ ምዕራብ ጉዞ» የተባለውን ጥንታዊ የቻይና ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ አድርጎ አቀረበ። በ1998 ተከታዩን ሲሠራ የታሪኩን አውራ፣ የዝንጀሮውን ንጉሥ፣ የሚጫወተውን ሰው ቀየረው፤ ዲኪ ቸንግ ሄደ፣ ቤኒ ቻን መጣ። የአሳማ ፊት ያለውን፣ ሆዳሙንና ሰነፉን የተጓዡን መነኩሴ ተከታይ የሚጫወተውን ግን አልነካውም። በሁለቱም ጊዜ ያንን ሚና የያዘው ዋይን ላይ ነበር። ተመልካቹ በተለጠፈው አፍንጫና ጆሮ ስር ያለውን ሰው በስም ላያውቀው ይችላል፤ ድምፁንና አካሄዱን ግን ይለየዋል። ይኸው ሰው በ2009 «ሮዚ ቢዝነስ» በተባለው ድራማ የጣቢያው ምርጥ ወንድ ተዋናይ ተባለ።

ስለ ሆንግ ኮንግ ድራማ ብዙ የተባለው ስለ አውራዎቹ ነው። ቾው ዩን-ፋት፣ አንዲ ላው፣ ቶኒ ሊዩንግ ቺው-ዋይ፣ ስቲቨን ቻው ሁሉም ከዚሁ ጣቢያ የተዋናዮች ማሠልጠኛ ወጥተው ወደ ሲኒማው ተሻግረዋልና ቴሌቪዥኑ የከዋክብት መፈልፈያ ተደርጎ ቢታይ አይገርምም። ይህ እይታ ግን ዋናውን ነገር ይስታል። የካንቶኒዝ ድራማ ጉልበት ያለው ከመሪው ጎን በቆመው ሰው ላይ ነው፦ በወዳጁ፣ በባላንጣው፣ በአክስቱ፣ በሎሌው። ሽልማቱም ሆነ የሕይወት ታሪክ ፊልሙ አንድ ሰው መርጠው ከፍ ማድረግ ስለሚወዱ ይህን ጉልበት ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ ያየው ዳኛና ያየው አዘጋጅ ግን ተሳክቶለታል።

አሠራሩ ራሱ ወደዚህ ይገፋል። ቲቪቢ ሥራ የጀመረው ኅዳር 19 ቀን 1967 ነው። ድራማዎቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየምሽቱ ይተላለፋሉ፤ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 30 ክፍል አላቸው። ጣቢያው ተዋናዮቹን በኮንትራት ይይዛል፣ የራሱ ስቱዲዮዎች አሉት፣ አንዱ ድራማ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። የአንዳንዱ ድራማ ጽሑፍ ቀረጻው ተጀምሮም አያልቅም፤ ተዋናዩ የሚናገረውን በዕለቱ ይቀበላል። ይህን ያህል ሰዓት በአንድ አውራ ትከሻ ላይ መጫን አይቻልም። ደራሲው የግድ ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ አማቱ፣ ወደ ምግብ ቤቱ ባለቤት ይዞራል። እነዚህን ሰዎች የሚጫወቱት ደግሞ በዓመት ውስጥ በሦስትና በአራት ድራማ የሚታዩ፣ ዛሬ ዳኛ ነገ ሌባ የሚሆኑ ባለሙያዎች ናቸው። ተመልካቹ እራቱን እየበላ ዓመት ከዓመት ስለሚያያቸው ዘመድ ያህል ይቀርቡታል።

በ1980 የቀረበው «ዘ በንድ» የዚህ ምስክር ነው። ባለ 25 ክፍሉ ድራማ የሻንጋይን የወሮበሎች ዓለም ይተርካል። ቾው ዩን-ፋት ነጭ ሻርፕ ያጠለቀውን የተማረ ወጣት፣ አንጂ ቺው የአንድ ባለጸጋን ልጅ ይጫወታሉ። ጆሴፍ ኩ ያቀናበረው፣ ዎንግ ጂም ግጥሙን የጻፈውና ፍራንሲስ ዪፕ ያዜመችው የመክፈቻ ዘፈን እስከ ዛሬ ይዘመራል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ከፍቅር ወደ ትራጄዲ የሚያሻግረው ሬይ ሉይ የተጫወተው ቲንግ ሊክ ነው። በሸምበቆ እንጨት ተሸክሞ መንገድ ላይ ፍራፍሬ ከመሸጥ ተነሥቶ ወደ ሥልጣን ይወጣል፤ ወዳጁን እየወደደ ከወዳጁ ጋር ይጋጫል። የአውራው ውሳኔ ክብደት የሚያገኘው ቲንግ ሊክ ስላለ ነው። እሱን ከታሪኩ ብናወጣው የሚቀረው ያማረ ልብስ የለበሰ ሰው ነው።

በ1992 የቀረበውና በአክሲዮን ገበያ ዙሪያ የሚሽከረከረው «ዘ ግሪድ ኦቭ ማን» ደግሞ ነገሩን ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። ዋይ ካ-ፋይ ያዘጋጁት ይህ ድራማ የበቀል ታሪክ ነው፤ በቀሉን የሚሸከመው ላው ቺንግ-ዋን ነው። ሕዝቡ ያስታወሰው ግን አዳም ቸንግ የተጫወተውን ቲንግ ሃይን ነው። ቲንግ ሃይ ሰው ይገድላል፣ ቤተሰብ ያጠፋል፤ ከዚያም እኔ ጻድቅ ነኝ፣ የተበደልኩት እኔ ነኝ እያለ ከልቡ ያለቅሳል። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው በቴሌቪዥን ብዙ አልታየም፤ ክፋቱ የሚያስፈራው ራሱን ስለማያውቅ ነው። ከድራማው በኋላ አዳም ቸንግ አዲስ ሥራ ይዞ በቀረበ ቁጥር የሃንግ ሴንግ የአክሲዮን መለኪያ ይወርዳል የሚል እምነት በነጋዴዎች ዘንድ ተሰራጨ፤ እምነቱም በቲንግ ሃይ ስም ተጠራ። በ2015 ድራማው በእኩለ ሌሊት ሲደገም አዲስ ትውልድ ነቅቶ ተመለከተው። ለከተማዋ የዕለት ንግግር የተረፈው የባላንጣው ስም እንጂ የአውራው አይደለም።

ቲቪቢ ለራሱ ድራማዎች የሚሰጠውን ዓመታዊ ሽልማት የጀመረው በ1997 ነው። አዘጋጁ፣ ቀጣሪውና ሸላሚው አንድ ቤት መሆኑ የታወቀ ነቀፋ ነው፤ ነቀፋውም ትክክል ነው። ኮንትራቱን ሊያድስ ያለ ተዋናይ ዋንጫ ሲቀበል ተመልካች ቢጠረጥር ጥፋተኛ አይባልም። ሆኖም ነቀፋው በዚህ ብቻ ከቆመ ሽልማቱ አልፎ አልፎ ያየውን እውነት ይጋርዳል። በ2008 ለምሳሌ ኬክ ጋጋሪ ቤተሰብን በሚተርከው «ሙንላይት ሬዞናንስ» ውስጥ የተጫወቱት ሃ ዩና ሚሼል ዪም ምርጥ ተዋናዮች ተባሉ። ሁለቱም አንጋፎች ናቸው፤ የሚሼል ዪም ገጸ-ባሕርይ ደግሞ ቤት የምታፈርስ ሴት ናት። በዚያው ድራማ ወጣትና መልከ መልካም ተዋናዮች ሞልተው ነበር።

የሸረን ታንግ ጉዳይ ይበልጥ ይነግረናል። በ2004 ፕሮዲዩሰር ጆናታን ቺክና ደራሲው ቻው ዩክ-ሚንግ «ዋር ኤንድ ቢዩቲ» የተባለውን ባለ 30 ክፍል ድራማ አቀረቡ። በንጉሠ ነገሥት ጂያቺንግ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሚኖሩ እቁባቶች ለህልውናቸው ሲተናነቁ ያሳያል። በዚያ ግቢ ውስጥ ንጹሕ ሰው የለም፤ ሙሉ ክፉም የለም። ምርጥ ሴት ተዋናይነቱን ያገኘችው ጂጂ ላይ ነበረች፤ መልካም ሥራም ሠርታለች። ቀዳሚዋን እቁባት የተጫወተችው ሸረን ታንግ ግን ከሁሉም በላይ ነበረች። ሥልጣኗ ሲያመልጣት ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ዓረፍተ ነገሯን ዝግ ታደርገዋለች፣ ዐይኗ ከአነጋጋሪዋ ላይ ሳይነሣ ትንሽ ይዘገያል። ዕድሜዋ ገፋ ተብሎ የምትተካ ሴት ምን እንደምታስብ ያለ ምንም ማብራሪያ ይገባናል። የ2004ቱ ዳኝነት ይህን አልመዘነም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ያልተጠበቀው ሆነ። ሸረን ታንግና ዋይን ላይ፣ ዕድሜያቸውን በአጃቢነት የፈጁ ሁለት ሰዎች፣ በ«ሮዚ ቢዝነስ» መሪ ሚና ተሰጣቸው። ታሪኩ በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ስለሚነግድ የሩዝ ነጋዴ ቤተሰብ ነው። እሷ ንግዱን የምታቆም አራተኛ ሚስት ናት፤ እሱ ከመንገድ አጭበርባሪነት ተነሥቶ የቤቱ ታማኝ የሚሆን ወዛደር ነው። ይወዳታል፤ አይነካትም። በመካከላቸው ያለው ነገር ሁሉ በሥራ ይገለጣል፦ ጎተራ በመጠበቅ፣ ሒሳብ በመቁጠር፣ ከነጋዴ ጋር በመከራከር። ዋይን ላይ በእነዚያ ሁሉ የአጃቢነት ዓመታት የተማረውን ይዞ መጣ፦ ሌላው ሲናገር ማዳመጥ። አብዛኞቹ መሪ ተዋናዮች ተራቸው እስኪደርስ ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን የሚሰማው ነገር ፊቱ ላይ ሲሠራ ይታያል። ድራማው የዓመቱ ምርጥ ተባለ፣ ሁለቱም ተሸለሙ፤ በቀጣዩ ዓመት በጦርነት ዘመኗ ጓንግጆ በተዘጋጀው «ኖ ሪግሬትስ» ደገሙት። ሸላሚው ራሱ ጣቢያው ቢሆንም እነዚህን ሁለት ዓመታት የሚያህል ትክክለኛ ዳኝነት በታሪኩ ማግኘት ይከብዳል።

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ አይታለፍም። ጆናታን ቺክና ቻው ዩክ-ሚንግ በ2011 መጨረሻ «ዌን ሄቨን በርንስ» ይዘው ተመለሱ፤ በበረዶ ተራራ ላይ ከሞት ለመትረፍ አንድ ጓደኛቸውን ስለበሉ ሦስት የሮክ ሙዚቀኞች ነው። ተመልካቹ ጥቂት ነበር፤ ብዙዎች እራት ላይ ሊያዩት የሚፈልጉት ታሪክ አልነበረም። በ2012 ግን ምርጥ ድራማ ተባለ። ታሪኩ ከሦስቱ አንዱን አውራ አላደረገም፤ ጥፋቱን ለሁሉም እኩል አካፈለ። ጣቢያው በዚህ መንገድ አለመቀጠሉ ያሳዝናል።

ወደ ፊልሙ ስንመጣ ከቴሌቪዥኑ ብዙ አንርቅም። የፊልሙ ባለታሪክ፣ ድምፃዊት አኒታ ሙይ፣ የቲቪቢ ልጅ ነበረች። በ1963 ተወለደች፤ በልጅነቷ ከእህቷ ከአን ጋር በላይ ዩን መዝናኛ ስፍራ ለሕዝብ ትዘፍን ነበር። በ1982 ጣቢያው ባዘጋጀው የመጀመሪያው የአዳዲስ ድምፃውያን ውድድር አሸንፋ ታወቀች፤ ከመጀመሪያ ቅጂዎቿ መካከልም የድራማ መክፈቻ የሆነ ዜማ አለ። በ2003 ኅዳር በሆንግ ኮንግ ኮሊሲየም የመጨረሻ ኮንሰርቶቿን አቅርባ ታኅሣሥ 30 ቀን በማህፀን በር ካንሰር ዐረፈች። አርባ ዓመቷ ነበር። እህቷ አን በ2000 በዚያው በሽታ ሞታ ነበር።

ሎንግማን ሊዩንግ ያዘጋጀው «አኒታ» በ2021 ኅዳር ለሲኒማ ቀረበ። ዋናውን ሚና የያዘችው ከዚያ በፊት ፊልም ሠርታ የማታውቀው የፋሽን ሞዴል ሉዊዝ ዎንግ ናት። አቋሟ፣ የትከሻዋ አያያዝ፣ ጭፈራዋ ይደንቃል፤ ብዙ የደከመችበት ሥራ ነው። ፊልሙ ግን ብቻዋን ይተዋታል። ከድል ወደ ድል፣ ከልብስ ወደ ልብስ ይሮጣል፤ በየመካከሉ የእውነተኛዋን አኒታ የቆየ ምስል ያስገባል። ምስሉ በገባ ቁጥር ተመልካቹ ሁለቱን ፊቶች ማወዳደር ይጀምራል፣ ትወናውም ይቀዘቅዛል። ከዚህ የከፋው የተቆረጠው ነው። አኒታ ሙይ በ1989 ከቻይና የዴሞክራሲ እንቅስቃሴ ተማሪዎች ጎን በግልጽ የቆመች ሴት ነበረች፤ ፊልሙ ይህን ሳይነካ ያልፋል። በዋናው ምድር ቻይናም ለሲኒማ የበቃ ሥራ መሆኑ ምክንያቱን ለመገመት ያስችላል። ምክንያቱ ቢገመትም ጉድለቱ ጉድለት ነው፤ ያለዚያ ዓመት የምትታየው አኒታ ለሌላው የምትለግስ ደግ ሴት ናት፣ ደፋሯ ግን የለችም።

እዚህ ላይ የስታንሊ ኩዋን «ሴንተር ስቴጅ» ትዝ ይላል። በ1991 የተሠራው ይህ ፊልም በ1935 በ24 ዓመቷ ራሷን ያጠፋችውን የድምፅ አልባ ሲኒማ ኮከብ ሩዋን ሊንግዩን ይተርካል። ሚናው መጀመሪያ የታሰበው ለአኒታ ሙይ ነበር፤ በኋላ ማጊ ቸንግ ይዛው በ1992 በርሊን ላይ የምርጥ ተዋናይት ሲልቨር ድብ ወሰደችበት። ኩዋንም የቆየ ምስል ያስገባል። ልዩነቱ ተዋናዮቹን ካሜራ ፊት አስቀምጦ ስለሚጫወቷቸው ሰዎች ምን እንደሚያስቡ መጠየቁ ነው። የሩዋንን ሥራ ከዐይናችን ሥር አድርጎ ማጊ ቸንግ ስትሞክረው ያሳየናል፤ መመሳሰሉን ለማስመስከር አይቸኩልም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የፊልሙ ጉዳይ ይሆናል።

«አኒታ» እውነተኛ የሚሆነው አን በመጣችበት ጊዜ ነው። ማሌዥያዊቷ ፊሽ ሊው የምትጫወታት አን ከታናሿ ጋር በአንድ መድረክ ጀምራ ወደ ኋላ የቀረች እህት ናት። ፊሽ ሊው ቅናት አትጫወትም፤ ቅናቱን መጫወት ቀላል በሆነ ነበር። በእህቷ መውጣት ከልቧ የምትደሰት ሴት ታሳያለች፣ በደስታው ውስጥ ግን የራሷ ድምፅ የት እንደ ቀረ የምትጠይቅ ሴት አለች። ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ ሉዊዝ ዎንግም ትለወጣለች፤ አዝማሪዋ ኮከብ መሆኗ ቀርቶ ታናሽ እህት ትሆናለች። ይህ የቲቪቢ ድራማ በምርጥ ዘመኑ የሚያውቀው ጥበብ ነው።

በሐምሌ 2022 በተካሄደው 40ኛው የሆንግ ኮንግ ፊልም ሽልማት ፊሽ ሊው ምርጥ ረዳት ተዋናይት፣ ሉዊዝ ዎንግ ምርጥ አዲስ ተዋናይት ሆኑ፤ የምርጥ ሴት ተዋናይነቱ በ«ሊምቦ» ለተጫወተችው ለሊዩ ያሴ ተሰጠ። ዳኝነቱ ሁለቱን በየቦታቸው አስቀመጠ። ይህን ሽልማት በ1982 የመሠረተው ፊልም ሠሪ ኩባንያ ሳይሆን የሲኒማ መጽሔት ነበር፤ ድምፅ የሚሰጡትም ከተለያየ ቤት የመጡ የሙያው ሰዎች ናቸው። ቴሌቪዥኑ በዚያ ልክ የሚመዝነው፣ ከቲቪቢም ከተፎካካሪው ቪዩቲቪም ውጭ የቆመ ዳኛ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ዳኛ በ2004 ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ሸረን ታንግ አምስት ዓመት ባልጠበቀች ነበር።