ስለ «ለውዝ ሰባሪው» ባሌትና ስለ እንግዶቹ ዳንሰኞች

ባሌት ማለት ቃል ሳይነገር፥ በሙዚቃ መሪነት፥ በእግርና በእጅ በመላው አካልም ታሪክ የሚተረክበት የቴያትር ጭፈራ ነው። በአሜሪካ አገር የልደት በዓል በቀረበ ጊዜ የታላላቆቹ ከተሞች ብቻ ሳይሆኑ በየክፍለ ሀገሩ ያሉት ብዙዎቹ ትንንሽ የባሌት ማኅበሮች «ለውዝ ሰባሪው» የተባለውን ጨዋታ ያሳያሉ፤ ለብዙዎቹም ከዓመቱ ገቢ ትልቁ ክፍል የሚገኘው ከዚሁ ነው። የከተማው ልጆች ወራት ሙሉ ሲለማመዱ ይከርማሉ። በመጨረሻው ግን ከሌላ ታላቅ ማኅበር ሁለት ስመ ጥር ዳንሰኞች በገንዘብ ተጠርተው ይመጡና ዋናውን ስፍራ ይይዛሉ። ይህ ልማድ የተገባ ነውን? ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ መጀመሪያው መመለስ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ታሪኩን ሆፍማን የተባለ የጀርመን ደራሲ በ1816 ዓመት ጻፈው፤ አሌክሳንድር ዱማም በ1844 በፈረንሳይኛ አለዝቦ ተረከው። ኋላም ሩሲያዊው ቻይኮቭስኪ ዜማውን ደረሰለት። የጭፈራውን ሥርዓት ያቀደው ማሪዩስ ፔቲፓ ነበረ፤ ነገር ግን ስለ ታመመ ረዳቱ ሌቭ ኢቫኖቭ ሥራውን ፈጸመው። በ1892 ዓመት ዴሴምበር 18 ቀን በፒተርስቡርግ ከተማ በማሪንስኪ ቴያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

በዚያም ቀን የክላራን፥ ማለት የታሪኩን ባለቤት የሕፃኒቱን ስፍራ የያዘችው ስታኒስላቫ ቤሊንስካያ የምትባል ተማሪ ነበረች፤ ከእርስዋም ጋራ ብዙ የትምህርት ቤቱ ልጆች ተጫወቱ። የጣፋጮችን አገር የምትገዛውን የስኳር ንግሥት ሆና የጨፈረችው ግን እንግዳይቱ ኢጣልያዊት አንቶኒዬታ ዴሌራ ነበረች። እርስዋም የምትታየው በሁለተኛው ክፍል ብቻ ስለ ሆነ በዚያ ዘመን የነበሩት ተቺዎች፥ ሕፃናቱ በዝተው ዋናይቱ ዳንሰኛ ዘገየች ብለው ነቀፉ። እንግዲህ እንግዳ መጥራት ትንንሾቹ ማኅበሮች ዛሬ ያመጡት ፈሊጥ አይደለም፤ ከድርሰቱ ጋራ አብሮ የተወለደ ነው።

ምክንያቱም በድርሰቱ አሠራር ውስጥ ይገኛል። ክላራ ከአይጦቹ ጦርነትና ከበረዶው ዱር አልፋ ወደ ጣፋጮቹ አገር ከደረሰች በኋላ ታሪኩ ይቆማል፤ እርስዋም ተቀምጣ ተመልካች ትሆናለች። የንግሥቲቱና የአጃቢዋ ጭፈራ መጀመሪያ ሁለቱ በአንድነት፥ ቀጥሎ ወንዱ ለብቻው፥ ቀጥሎ ሴቲቱ ለብቻዋ፥ በመጨረሻም እንደ ገና ሁለቱ ሆነው የሚፈጽሙት ነው። ከታሪኩ ጋራ የሚያስተሳስረው ነገር ስለሌለ በሌላ ቤት የተማረ ሰው በጥቂት ቀን ልምምድ ገብቶ ሊጫወተው ይችላል። በአንድ ወገን ይህ የድርሰቱ ጉድለት ነው፤ በሌላ ወገን ግን ለእንግዳ የተዘጋጀ ክፍል ነው።

ቻይኮቭስኪም ራሱ በሙዚቃው እንግዳ ጠርቷል። ሴሌስታ የሚባለውን፥ ድምፁ እንደ ትንንሽ ደወል የጠራውን መሣሪያ ኦጉስት ሙስቴል በፓሪስ ከተማ በ1886 ዓመት አወጣው። ቻይኮቭስኪ ይህን ሰምቶ ወደደውና ሌሎች የሩሲያ ዜማ ደራሲዎች እንዳይቀድሙት በምሥጢር እንዲገዛለት አዘዘ። ይሁን እንጂ እንግዳውን መሣሪያ ሲያስገባ ነባሮቹን አላባረረም፤ ባለ አውታሮቹ በጣት እየተነኩ ቀስ ብለው ያጅቡታል፥ ውበቱም የሚሰማው በእነርሱ ትሕትና ነው። እንግዳና ባለቤት እንዴት መኖር እንዳለባቸው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አንዳንዶች ግን፥ የከተማው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ደክማ በበዓሉ ቀን ስፍራዋን ለእንግዳ መልቀቋ ግፍ ነው ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። እኛ ግን በቅኔ ቤት ያየነው ነገር ሌላ ፍርድ ያስተምረናል። ከሩቅ አገር የመጣ መምህር አንድ ሌሊት ቢያድርና ቅኔውን አሰምቶ ቢሄድ ደቀ መዛሙርቱ አድንቀው ይቀራሉ እንጂ አይለወጡም፤ የእነርሱን ቅኔ ሰምቶ፥ አርሞ፥ መንገድ አሳይቶ ቢሄድ ግን ጉባኤው በሙሉ ከፍ ይላል።

ለዚህም በባሌቱ ታሪክ ምስክር አለ። በአሜሪካ አገር ድርሰቱን በሙሉ አስቀድሞ ያሳየው በ1944 ዓመት ዴሴምበር 24 ቀን የሳን ፍራንሲስኮ ባሌት ነው። አዘጋጁ ዊላም ክሪስተንሰን በማሪንስኪ ትምህርት ቤት ያደጉትን ባላንሺንንና ዳኒሎቫን በእንግድነት አግኝቶ ስለ ቀድሞው ሥርዓት ጠየቃቸው። እርሱ ኋላ እንደ ተረከው ዳኒሎቫ ተነሥታ እርምጃውን ልታሳየው ስትጀምር፥ ባላንሺን የራሱን ጭፈራ እንዲሠራ ይተዉት ዘንድ ከለከላት። ባላንሺንም ራሱ በ1954 ዓመት የራሱን በኒው ዮርክ አሳየ። እነዚህ ያወቁትን ሰጥተው ሥራውን ለባለቤቱ የተዉ እንግዶች ናቸው።

ስለዚህ አንድን ማኅበር ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ዓይኑን በእንግዶቹ ላይ ብቻ አይጣል፤ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ያለውን የበረዶውን ጭፈራ ይመልከት። በዚያ ቃል የሌለው ዜማ ከሩቅ ሲሰማ የቤቱ ልጆች ሰልፋቸውን ሳያፋልሱ፥ ትንፋሻቸውን አንድ አድርገው ቢዞሩ ያ ማኅበር መምህር አለው። በዚያ ከተሰናከሉ ግን የእንግዳይቱ ጥበብ ድኽነታቸውን ይገልጥባቸዋል እንጂ አይሸፍንላቸውም። ለእንግዳ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ሙዚቀኞቹን በማስቀረት በተቀረጸ ድምፅ የሚያስጨፍሩትንም ልናመሰግናቸው አንችልም፤ ዳንሰኛው የሙዚቀኛውን ትንፋሽ፥ ሙዚቀኛውም የዳንሰኛውን እግር ካልጠበቀ የዚህ ጥበብ ግማሹ ጠፍቷልና። የልደት በዓል ጨዋታ ከተባለም በኋላ ዛፉና ስጦታው እንጂ የልደቱ ነገር አለመነሣቱን አንባቢ ልብ ይበል።

እንግዳ ደራሽ፥ ውኃ ፈሳሽ ይባላል። ውኃ ማለፉ አያስነቅፈውም፤ የሚጠየቀው ካለፈ በኋላ መስኩ ለምልሞ እንደ ሆነ ነው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በሚመጣው ዓመት ከዚያው ከተማ ልጆች አንዲቱ የንግሥቲቱን ስፍራ ለመያዝ ብትበቃ ግብዣው መልካም ነበረ፤ በየዓመቱ ያው ግብዣ፥ ያው ጉድለት ከተደጋገመ ግን ማኅበሩ እንግዳውን ሳይሆን ራሱን ይመርምር።