ለዕረፍት የሚነበብ መጽሐፍና የአስቴር ጋኖ ድካም

ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ገነት የሚመለስ ተማሪ የሚመርጠው አእምሮን የሚያሳርፍ መጽሐፍ ነው። ቡናው በዛፉ ላይ ገና አረንጓዴ ስለ ሆነ ለቀማ የለም፤ ዝናቡም ሰውን ከቤት ያውላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተረትና እንቆቅልሽ ማንበብ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ለማንበብ የቀለለ መጽሐፍ ለመጻፍም የቀለለ ይመስላል። ይህ አሳብ ትክክል አለመሆኑን በአንድ መጽሐፍ ምሳሌነት ለማሳየት እንወዳለን።

መጽሐፉ አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1894 በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ፣ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ነው። አስቴር በነጻነት ተወልደው ሳለ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆኑ። ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ፣ በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች ጀልባውን ይዘው ነጻ አወጧቸው፤ ከዚያም በእምኩሉ የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ተቀበላቸው። አናሲሞስም ራሳቸው ከባርነት የወጡ ሰው ነበሩ። የአስቴርን የቋንቋ ተሰጥዎ አይተው የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ አደረጉ። አስቴር ከዚህም ሌላ 500 ያህል እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ጻፉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በማንበቢያው ገብተዋል።

በአፍ የሚነገረውን በወረቀት ማስፈር ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ እንመልከት። የግዕዝ ፊደል ጠብቆ የሚነገረውን ከሚላላው የሚለይበት የራሱ ምልክት የለውም። በኦሮምኛ ግን «በዳ» ሲላላ መጥፎ፣ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው። አማርኛ የሌለው ድምፅም ስላለ፣ እርሱን ለመጻፍ «ዸ» የምትባል ፊደል ታስፈልጋለች። ደግሞም እንቆቅልሽ ጠያቂና መላሽ፣ ዘፈንም ዜማና ተቀባይ ይፈልጋል፤ በወረቀት ላይ እነዚህ ሁሉ ይቀራሉ። ስለዚህ ሰብሳቢው ያለ ድምፅ ብቻውን ሊቆም የሚችለውን ቃል መለየት አለበት። ይህም ጽሕፈት ብቻ ሳይሆን ሂስ ነው።

«ለዕረፍት የሚያነብ ሰው የጸሐፊው ታሪክ ምን አስጨነቀው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ክርክሩ ዋጋ ቢስ አይደለም። የአስቴር መከራ ስላሳዘነን ብቻ መጽሐፉ ጥሩ ነው ብንል፣ ሂሳችን ምጽዋት ይሆናል። መጽሐፉ የሚመሰገነው የሕዝብን አነጋገር ለሕፃናት ማስተማሪያ ስላደረገ ነው። ይሁን እንጂ ድካሙን ማወቅ ደስታውን ያሰፋዋል እንጂ አያጠበውም። እሸት ቡና እንዴት ተለቅሞ በአልጋ ላይ እንደሚደርቅ፣ ጀንፈሉም እንዴት እንደሚፈለፈል ያየ ሰው፣ አቦሉን ሲጠጣ ጣዕሙ አይቀንስበትም።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። በ1899 በስዊዘርላንድ የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው የአናሲሞስ ስም ብቻ ነው። አስቴር ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት ግን በ1893 ለታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም ማቃኛ ሆኖ አገልግሏል። የእርሳቸውን ስም አብሮ መጥራት የአናሲሞስን ክብር አይነካም፤ ሥራውን እንደ ተሠራ መናገር ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ «አንድ ሽማግሌ እንደ ነገሩን» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ተረቱ ይታተማል፤ የጸሐፊው ስም ከላይ ይሰፍራል፤ ተረቱን በቃላቸው ጠብቀው ያቆዩት ሰው ግን ስም አልባ ይሆናሉ። በመጪው ክረምት በሊሙ፣ በጎማም ሆነ በጌራ እንቆቅልሽ የሚሰበስብ ተማሪ፣ ተናጋሪውን አስፈቅዶ ስማቸውን፣ መንደራቸውንና ቀኑን ከቃሉ ጋር ይጻፍ። ይህን ያላደረገ ስብስብ፣ ለማንበብ ቢጥምም እንኳ፣ ሥራው ገና አላለቀም እንላለን።