ወርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ፦ ተኳሽ ያሠለጥናል፤ አዛዥስ?

ባለፈው ክረምት እንጭኒ፣ ቤተሰብ ጋ በሰነበትኩበት ጊዜ የእህቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ላፕቶፔ ላይ ወርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ ስጫወት ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ይሄን በደንብ የሚጫወት ሰው እውነተኛ መርከቦችን ማዘዝ ይችላል?» አለኝ።

«ጨዋታ እኮ ነው» ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ጥያቄው እንደዚያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንዳንድ ጨዋታ የእውነቱን ዓለም አንድ ክፍል በሚገባ እያስተማረ፣ ሌላውን ክፍል ደግሞ ሳይታወቀን ያስረሳናል። ስለዚህ ይሄን ጨዋታ ማሽን እንደሚፈታ ሰው ፈታትቼ ላየው ወሰንኩ። የቱ ክፍል ትክክል ነው? የቱስ ይዋሻል?

ለማታውቁት፦ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሲሆን በኢንተርኔት ነው የሚሠራው። በተለመደው ውጊያ 12 ተጫዋቾች ከሌሎች 12 ጋር ይገጥማሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ መርከብ ይነዳል፤ እስከ ሦስት ጓደኛ ተቧድኖ መግባት ይቻላል። ውጊያው ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። ከላይ ሆኖ መላውን ጓድ የሚያዝ አንድ ሰው የለም። ጓዱ የሚመራው 12ቱ ሰዎች በሚለዋወጡት አጭር መልእክትና በየራሳቸው ግንዛቤ ነው።

መርከቡ ያለበት ቦታ ላይ አትተኩሱ

ጨዋታው መጀመሪያ የሚያስተምረው ነገር ፊዚክስ ነው፤ ይሄን ደግሞ አሳምሮ ያስተምራል። እስቲ በእውነተኛ ቁጥር እናስላው። በ30 ኖት የሚሄድ መርከብ በሰዓት 55.6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በሰከንድ 15 ሜትር ገደማ ማለት ነው። 15 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለ፣ የትልቅ መድፍ ጥይት እስኪደርስበት 25 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። 25 ሲባዛ በ15 ስንት ነው? 375 ሜትር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነበሩት ትልልቅ መርከቦች አንዱ የሆነው የአሜሪካው አዮዋ ርዝመቱ 270 ሜትር ነው። ስለዚህ አሁን በምታዩት መርከብ ላይ አነጣጥራችሁ ብትተኩሱ፣ ጥይቱ ሲደርስ መርከቡ ከራሱ ርዝመት በላይ ርቆ ሄዷል። ማነጣጠር ያለባችሁ ወደፊት በሚደርስበት ባሕር ላይ ነው።

በጨዋታው ጊዜው ስለታመቀ ጥይቱ ቶሎ ይደርሳል፣ መርከቡም ፈጠን ይላል፤ የስሌቱ ጠባይ ግን ያው ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ እጃችሁ ሳትነግሩት ማስላት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ኢንተርኔቱ ለሚጎተትበት ሰው አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እኛን ከአውሮፓ ሰርቨር የሚያገናኘው ገመድ 8,000 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 0.08 ሰከንድ ይወስዳል። የየመንገዱ መሣሪያና የሞባይል ኔትወርኩ ሲጨመርበት 0.3 ሰከንድ ሊሆን ይችላል። በሽጉጥ ጨዋታ 0.3 ሰከንድ ሞት ነው። ጥይቱ ስምንት ወይም አሥር ሰከንድ በሚበርበት ጨዋታ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንጭኒ ሆኖ በሞባይል ዳታ የሚጫወት ልጅ ከፍራንክፈርት ልጅ ጋር ተቀራራቢ ዕድል ከሚያገኝባቸው ጥቂት ጨዋታዎች አንዱ የባሕር ውጊያ ነው። ችግሩ ጨዋታውን ማውረዱ ላይ ነው፤ ፋይሉ በአሥር የሚቆጠሩ ጊጋ ባይቶች ይበላል።

ድር ሲያብር ስንት አንበሳ ያስራል?

ሁለተኛው ትምህርት ስለ መተባበር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ እንደሚያስር ሁላችንም እናውቃለን። ጥቅሙን በቁጥር ያስቀመጠው ግን ፍሬድሪክ ላንቸስተር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ያቀረበው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ በሩቅ በሚተኩሱ መሣሪያዎች ውጊያ የአንድ ወገን ጉልበት በቁጥሩ ሳይሆን በቁጥሩ ስኩዌር ይለካል።

አምስት መርከቦች አቅማቸው እኩል ከሆነ ሦስት መርከቦች ጋር ገጠሙ እንበል። 5 ስኩዌር 25፣ 3 ስኩዌር 9 ነው። ልዩነቱ 16፣ የ16 ስኩዌር ሩት 4። ሦስቱ ሲሰምጡ ከአምስቱ አራቱ ይተርፋሉ! ለምን? አምስቱ በመጀመሪያው ደቂቃ ከሚመቱት በላይ ይመታሉ፤ የሚመታቸው ሲቀንስ ደግሞ የሚደርስባቸው ጉዳት እየቀነሰ ይሄዳል።

አሁን ጠላት ስድስት መርከብ አለው እንበል። ተሰብስቦ ቢመጣ አምስቱን ያሸንፋል። ሦስት ሦስት ሆኖ ተከፍሎ ቢመጣስ? የመጀመሪያዎቹን ሦስት አጥፍተን አራት እንቀራለን። ከዚያ 16 ሲቀነስ 9 ሰባት ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 2.6። በቁጥር አንሰን ስድስቱንም አስምጠን ሁለት ተኩል መርከብ ይዘን እንመለሳለን ማለት ነው።

ጨዋታው ይሄን ሕግ ጥርት አድርጎ ያሳያል። እንዲያውም ከእውነቱ በላይ ያጎላዋል፤ ምክንያቱም የመርከቡ የዕድሜ መስመር ሊያልቅ አንድ ነጥብ ቢቀረውም መድፎቹ እንደ አዲስ ይተኩሳሉ። ስለዚህ አምስት መርከብ በጥቂቱ ከማቁሰል አንዱን ጨርሶ ማስመጥ ይሻላል። በየቦታው የተበታተነ ቡድን ሲያልቅ ካያችሁ፣ የላንቸስተርን ቀመር በዓይናችሁ አያችሁ።

ውሸቱ ያለው ካርታው ላይ ነው

እስካሁን አመስግኛለሁ። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

የላንቸስተር ስሌት አንድ ትልቅ ግምት ተሸክሟል፦ ሁሉም መርከብ ሁሉንም ጠላት ያያል፣ አንዱ ሲሰምጥም መድፉን ወዲያው ወደ ሌላው ያዞራል። ላንቸስተር ይሄ ግምት መሆኑን ያውቅ ነበር። ጨዋታው ግን ግምቱን እውነት አድርጎ ያቀርበዋል። በስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ካርታ አለች። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አንዱ የቡድን አባል ያየውን ጠላት ሁሉም ወዲያው ያያል፤ ስሙን፣ ዓይነቱን፣ የቀረውን ዕድሜ ሳይቀር። የራሳችሁ ወገን የት እንዳለ ደግሞ አንድ ሜትር ሳይዛነፍ ታውቃላችሁ።

በእርግጥ ጨዋታው ውስጥ መደበቅ አለ፤ ጭስ አለ፣ ርቀት አለ፣ ያልተገኘ መርከብ አይታይም። ግን ወይ ሙሉ በሙሉ ታያላችሁ፣ ወይ ምንም አታዩም። የተሳሳተ ወሬ፣ የዘገየ መልእክት፣ «ያ መርከብ የኛ ነው ወይስ የነሱ?» የሚል ጭንቀት የለም።

እውነተኛው ባሕር እንዴት እንደነበር ለማየት እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1916 ጁትላንድ አጠገብ የተደረገውን ውጊያ እንውሰድ። 250 ገደማ የእንግሊዝና የጀርመን መርከቦች ነበሩ። የእንግሊዙ አዛዥ ጄሊኮ መርከቦቹን ከሰልፍ ጉዞ ወደ ውጊያ መስመር ለመዘርጋት የግድ ማወቅ ያለበት ነገር አንድ ነበር፦ የጀርመን ዋና ጦር በየት በኩል እየመጣ ነው? ቀድመው የሄዱት መርከቦቹ የላኩት ወሬ ጎዶሎና እርስ በርሱ የሚጋጭ ነበር። ጂፒኤስ በሌለበት ዘመን እያንዳንዱ መርከብ ያለበትን ቦታ በፍጥነትና በአቅጣጫ እያሰላ ስለሚገምት፣ የወገን መርከቦች የራሳቸው ቦታ እንኳ በብዙ ማይሎች ተዛንፎ ነበር። ጄሊኮ የወሰነው በዚህ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ ነው። ያቺ የጥግ ካርታ አልነበረችውም።

ጠመኔና መጋረጃ

«ይሄንን በጨዋታ ማሳየት አይቻልም» ትሉ ይሆናል። ተችሏል፤ ያውም ያለ ኮምፒውተር።

እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ ላይ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ የሚሻገሩትን የንግድ መርከብ ቅፍለቶች እየጨረሱ ነበር። በእንግሊዟ ሊቨርፑል ከተማ፣ ጊልበርት ሮበርትስ የተባለ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ጡረታ ወጥቶ የነበረ መኮንን ተጠርቶ መፍትሔ እንዲፈልግ ተነገረው። ከባሕር ኃይሉ የሴቶች ክፍል የመጡ ወጣቶችን ይዞ ወለል ላይ በጠመኔ የሚሠራ ጨዋታ አዘጋጀ። የአጃቢ መርከቦች አዛዥ ሆነው የሚጫወቱት መኮንኖች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው በትንሽ ቀዳዳ ብቻ ያያሉ። የሰርጓጁ መንገድ የሚሰመረው በአረንጓዴ ጠመኔ ነበር፤ በቀዳዳው ለሚያይ ሰው ከወለሉ ቀለም ለይቶ ማየቱ አስቸጋሪ ነው። ለእያንዳንዱ ውሳኔ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይሰጣል።

ይህ ጨዋታ ሁለት ነገር አስገኘ። አንደኛ፣ ሰርጓጆቹ ሌሊት ከኋላ በኩል ወደ ቅፍለቱ መሐል ሰርገው ገብተው እንደሚተኩሱ አሳየ፤ አጃቢዎቹ ግን ይፈልጓቸው የነበረው ከውጭ ነው። ሁለተኛ፣ «ራስበሪ» የሚል ስም የተሰጠው ስልት ተወለደ፦ ጥቃት ሲደርስ በአንዲት ቃል ሁሉም አጃቢ አስቀድሞ የተሰጠውን ቦታ ይዞ ይፈትሻል። ዕድሜውን በሰርጓጅ ያሳለፈው አድሚራል ማክስ ሆርተን ራሱ መጥቶ ሲጫወት በወጣቷ ጃኔት ኦኬል ተደጋግሞ ተሸነፈ። ጦርነቱ እስኪያበቃ 5,000 ገደማ መኮንኖች እዚያ ወለል ላይ ሠልጥነዋል።

እንጭኒ ላይ ሞከርነው

ለእህቴ ልጅ መልሱን በቃል ከምነግረው ብዬ ሰባት ልጆች ሰብስበን ሲሚንቶ ወለል ላይ አደረግነው። የንግድ መርከቦቹ 12 የአምቦ ውሃ ቆርኪዎች ናቸው። መጋረጃው ማዳበሪያ ነው፤ መሐሉን ቀደድነው። ሦስት አጃቢዎች በተለያየ ጥግ ተቀመጡ። ሰርጓጁን የያዘችው አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን መንገዷን በጆሮዬ ትነግረኛለች፣ እኔ ደብተር ላይ እይዛለሁ። መልእክት በቁራጭ ወረቀት ይላካል፤ የሚደርሰው ከአንድ ዙር በኋላ ነው። ማንም ሳይነግራት ልጅቷ ከኋላ ገባች።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ያለው ነገር «ካርታው የታለ?» ነበር። በመጀመሪያው ዙር አራት ቆርኪ ሰመጠ። ሁለት አጃቢዎች አንዱ ሌላውን ሰርጓጅ ነው ብለው እየተሳደዱ ነበር። በሁለተኛው ጨዋታ አንዱ በኦሮምኛ «ቢታ» ብሎ ላከ፤ ወደ ግራ ማለቱ ነው። ተቀባዩ ለእረፍት ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ስለነበር አልገባውም፤ ወረቀቱን እያገላበጠ ዙሩ አለፈበት።

ሦስተኛው ሳይጀመር ጊዜ ስጠን አሉኝ። ተሰብስበው ተንሾካሾኩ። ምን እንደተስማሙ ያወቅኩት የመጀመሪያው ቆርኪ ሲመታ ነው፦ ማንም ወረቀት አልጻፈም። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ወደ ቅፍለቱ ኋላ ዞሩ፤ እያንዳንዱ የራሱን አቅጣጫ ይዟል። ሰርጓጇ ተያዘች። ስለ ሊቨርፑል የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍርዴ

ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ ይሄ ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ ጥሩ ተኳሽ፣ ጥሩ መርከብ ነጂ ያደርግሃል። ጓድ ማዘዝ ግን ማየትና መጠየቅ በማይቻልበት ሰዓት እያንዳንዱ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መስማማት ነው። ሁሉን የምታሳይ ካርታ ካለች ይሄን መማር ለምን ያስፈልጋል? በክላን ተደራጅተው የሚጫወቱ ሰዎች ከውጊያ በፊት ዕቅድ እንደሚያወጡ አውቃለሁ፤ እነሱ ከጨዋታው የተሻሉ ናቸው። ጨዋታው ራሱ ግን አያስገድዳቸውም። ሁሉን ነገር ቢደብቅ ተጫዋቹ ይሰለቻል የሚሉም አሉ፤ የኛ ሰባት ልጆች ግን ማታ ራት እስኪጠሩ አልተነሱም።

ባሕር የሌለን ሰዎች ይሄ ምን ያደርግልናል ለምትሉም መልስ አለኝ። ኢትዮጵያ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ነበራት፤ በ1954 ዓ.ም ከአሜሪካ የተረከበቻት «ኢትዮጵያ» የተባለችው ዋና መርከቧ በ1983 ዓ.ም ወደ የመን ሸሽታ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣለች። በ2010 ዓ.ም ባሕር ኃይሉን መልሶ የማቋቋም ዕቅድ ይፋ ሆኗል። ከእናንተ አንዱ አንድ ቀን እዚያ ይገባ ይሆናል። ባይገባም አምቡላንስ የሚያሰማራ፣ የመብራት መቋረጥን የሚጠግን ቡድን የሚመራ፣ አውሮፕላን የሚያስተናግድ ሰው ሁሉ የዘገየና የጎደለ ወሬ ይዞ ነው የሚወስነው።

ጨዋታውን ማውረድ የምትችሉ ተጫወቱት፤ ጥይቱን አስቀድማችሁ መወርወር ተማሩበት። ዳታው ያልበቃችሁ ደግሞ 12 ቆርኪ፣ አንድ ጠመኔና አንድ ያረጀ ማዳበሪያ ፈልጉ። የማዘዙን ነገር በዚያ በኩል ቶሎ ትደርሱበታላችሁ።